እናት በቁሟ ለልጇ ቤት ስትሰጥ ሕጉ ለምን ይከብድባታል?

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፤
ለአማራ ክልል ምክር ቤት፤
በጎጃም ከተሞች የይዞታ ጉዳይ ለምትሠሩ ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ወላጅ በሕይወት እያለ መኖሪያ ቤቱን ለልጁ በስጦታ ሲያስተላልፍ ነባር ይዞታው ወደ ሊዝ እንዳይዞር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እናታችን 80 ዓመት አልፏታል። የምትኖረው ከደጀን እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ጉዳዬ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከአንድ ሠራተኛ ጋር አይደለምና። አምስት ልጆች ነን፤ ታላቁ እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ እህታችን ከእማየ ጋር ትኖራለች። አባታችን አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ያስታመመችው እርሷ ናት። የጓዳው ግድግዳ ሲፈርስ በብሎኬት የተካችው፣ ያረጀውን ቆርቆሮ የቀየረችው፣ ውሃ ያስገባችው እርሷ ናት። ሌሎቻችን በየፊናችን ተበትነናል። ለበዓል ስንመጣ በግ እንገዛለን፣ እንበላለን፣ እንመለሳለን።

እማየ ቆርጣለች። «ቤቱ የእርሷ ነው። ስሞት አይደለም፤ ዓይኔ እያየ ነው የምሰጣት» ብላለች። እኛም አራታችን ተስማምተናል። ቅር ያለው የለም። ይህ በእኛ አገር ብርቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎጃም በርስት ጉዳይ ሰው እስከ ሰበር ድረስ የሚሟገትበት አገር ነው። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመርብን ነው ብሎ ገበሬው በ1960 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ጠብ የገጠመበት አገር ነው። በዚህ አገር አምስት ወንድምና እህት ስለ ቤት አንድ ቃል ሲናገሩ ያስመሰግናል ብዬ ነበር።

የይዞታ ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና አስተናገደን። «ስጦታ ይቻላል» አለን። «ግን ይዞታው ነባር መሆኑ ይቀራል፤ ወደ ሊዝ ይገባል።» ነባር የሚባለው ሊዝ ሳይመጣ በፊት የተያዘ ቦታ ነው፤ ሊዝ ደግሞ ቦታን ከመንግሥት በውልና በክፍያ ለተወሰነ ዘመን መያዝ ነው።

«በውርስ ቢሆንስ?» አልኩት።

«በውርስማ ነባር እንደሆነ ይቀጥላል።»

እማየ ጆሮዋ ደከም ብሏል እንጂ የሚጠቅማትን አይስትም። «እንግዲያስ ሞቴን ጠብቁ ነው የምትሏቸው?» አለችው። ሠራተኛው አፈረ። እርሱ ምን ያድርግ፣ የተጻፈውን ነው የነገረን።

እኔም የተጻፈውን አነበብኩት። አስተማሪ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ይህኛው ለማንበብ ጠበቃ አይፈልግም። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 በአንቀጽ 6 የሚለው ይህን ነው። በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ንብረቱ የተላለፈለት ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሽያጭና ስጦታ አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። የተረፈው ውርስ ብቻ ነው።

ነገሩ ለማይገባው ወጣት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ቦታ የሚገኘው በምሪት፣ ማለትም መንግሥት ሲሰጥ ነበር። አባታችንም እንዲሁ ተመርቶ ነው የሠራው። ጭቃውን ራሱ ረግጧል፣ ግድግዳውን ራሱ መርጓል። በየዓመቱ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ከፍሏል። ደረሰኞቹ ዛሬም በእማየ ሳጥን ውስጥ አሉ፤ አንዳንዱን አይጥ ቀምሶታል እንጂ ማኅተሙ ይነበባል። በ1986 ሊዝ የሚባል ነገር መጣ። በ1994 ሌላ አዋጅ ተተካ፣ በ2004 ደግሞ 721። ሊዝ ሳይመጣ በፊት የተያዙት ቦታዎች «ነባር» ተባሉ። እነዚህ እንዴት ወደ ሊዝ እንደሚገቡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በጥናት ወደፊት እንደሚወስን አዋጁ ራሱ ይናገራል። እስከዚያው ባሉበት ይቀጥላሉ፤ ወይ እስኪሸጡ፣ ወይ እንደ እማየ ያለች ሴት ለልጄ ልስጥ እስክትል።

ሊዝ ሲገባ ምን ይመጣል? ውል ይፈረማል። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ በቅድሚያ ይከፈላል። ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል፤ ወለድም አለው። ለነጋዴ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። እህታችን ግን እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ ሴት ናት። አባቷ የተመራውን፣ እናቷ የገበረችበትን፣ ራሷ ያደሰችውን ቤት ለመቀበል ለመሬቱ እንደ አዲስ ገዢ ትከፍላለች። እማየ ዛሬ ማታ ብታርፍ ግን (ክፉ አይንካትና) ያው ቤት፣ ያው ቦታ፣ ያቺው ልጅ፣ ሊዝ የለም።

ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። በከተማ መሬት ስንት ተንኮል እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ስጦታ ነው እያለ የሚሸጥ ሞልቷል። «ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት» ይባላል፣ ማታ ላይ ብሩ በባንክ ይገባል። መንግሥት ይህን በር መዝጋቱ ልክ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው። ለአጎት ልጅና ለማያውቁት ገዢ የተሠራው በር ከማኅፀን በወጣች ልጅ ላይ ለምን ይዘጋል? እናት ነገ ስትሞት ይህችው ልጅ የመጀመሪያ ወራሽ ናት። ዛሬ እንደ ባዳ መቁጠሯ ሕጉን እርስ በርሱ ያጋጨዋል።

ሒሳቡንም እናስላው፤ ገንዘብ ነው የሚያሳስበው ካላችሁ። እህታችን ቤቱን በነባርነቱ ብትቀበልና ነገ ለሌላ ሰው ብትሸጠው፣ ገዢው በዚያው አንቀጽ 6 ወደ ሊዝ ይገባል። መንግሥት ሊዙን ያገኛል። ባትሸጠውና ብትኖርበት ደግሞ፣ እማየን ጠብቃ በውርስ ብታገኘው ኖሮ የሚሆነው ያው ነበር። ታዲያ በስጦታው መንግሥት ያጣው ምንድን ነው? እኔ የታየኝ ምንም ነው። ከዚህ አሠራር የሚገኘው ገቢ ሊኖር የሚችለው ሳይታገሡ በጊዜ ከሚሰጡ ወላጆች ብቻ ነው። ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ይህን ሲሰማ ስጦታውን ይተወዋል። እኛም የተባልነው ያንን ነው፤ «ተውት፣ ኑዛዜ አድርጉ።»

ከሁሉም የሚገርመኝ የገጠሩ ነው። የአባቴ ወንድም ልጅ ደጋ ዳሞት ገበሬ ነው። የይዞታ ደብተር አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ለገበሬው ቤተሰብ አባል መሬት በስጦታም በውርስም እንዲተላለፍ ፈቅዶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1324ም ይህንኑ ፈቅዷል። ክልሉም በራሱ አዋጅ ይህንኑ መንገድ ይዟል። ያ ሰው ለልጁ ማሳውን በቁሙ ይሰጣል፤ ልጁም ደብተሩን በስሙ ያወጣል። ሊዝ የሚለው የለም። እማየ የገበሬ ልጅ ናት። እዚያው ቀርታ ብትሆን ኖሮ ለልጇ መስጠት ትችል ነበር ማለት ነው። ከተማ መግባቷ ምን በደለ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሰው ስጦታውን ሲተው ምን ያደርጋል? በሰፈሬና በዘመዶቼ ያየሁትን ልጻፍ፤ ሕግ የምታወጡ ሰዎች ከቢሮ ሆናችሁ የማታዩት ይህ ነው።

አንዱ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም አልጠላውም። ግን ኑዛዜ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ይህ ለእናት ይጠቅማል፤ ለልጅ ግን ዋስትና አይሆንም። እህታችን ሰርቪስ ቤት ልትሠራ ትፈልጋለች። የግንባታ ፈቃድ በእማየ ስም ይወጣል። ባንክ ብድር ቢጠየቅ ካርታው የማን ነው ይላል። በኑዛዜ ተስፋ ላይ ማንም ባንክ አያበድርም። ደግሞም ኑዛዜ የሚነበበው ሰጪው ከሞተ በኋላ ነው። «እናቴ ያኔ ልቧ ልክ አልነበረም»፣ «ምስክሮቹ የእርሷ ወዳጆች ናቸው» የሚል ሰው ሲነሳ፣ እማየ መጥታ «እኔ ነኝ ያልኩት» ልትል አትችልም። ስንት ቤት አይቻለሁ፤ የ40 ተዝካሩ ድንኳን ሳይነቀል ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲቆሙ። እዚህ ላይ የእኛ ስምምነት ዛሬ ያለ ነው። ነገ የእኔ ልጆችና የወንድሜ ልጆች ምን እንደሚሉ አላውቅም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የልጅ ልጅማ ጨርሶ።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ይህ በጣም የተለመደ ነው። እናት ለልጇ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ በስሟ ማዛወር» የሚል ሰፊ ውክልና ትሰጣለች። ልጅቱም ቤቱን ያገኘች ይመስላታል። ወካዩ ሲሞት ግን ውክልናውም አብሮ ያበቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ነው የሚለው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ! አንዲት ጎረቤታችን የእናቷን ውክልና በፕላስቲክ ጠቅልላ ስታስቀምጥ ኖራ፣ እናቷ ካረፉ በኋላ ልታዛውር ሄደች። «ይህ ወረቀት አሁን ምንም አይሠራም» ተባለች። ከዚያ እንደ ማንኛውም ወራሽ፣ ከወንድሞቿ ጋር እኩል ተካፋይ ሆነች።

ሦስተኛው የሽማግሌ ወረቀት ነው። በአገር ሽማግሌ ፊት፣ በንስሐ አባት ፊት፣ በደብተር ወረቀት ይጻፋል፤ ጣት ይታተማል፤ ጠላ ይጠጣል። ሽማግሌ የከበረ ነው። ነገር ግን የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አጻጻፍ ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል። ይህ ማለት ጽሑፉ በሰጪውና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ሁሉም እዚያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በመሥራት ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ከዚያም ስሙ በመዝገብ መዛወር አለበት። በደብተር ወረቀት የቀረው ስጦታ በጠብ ጊዜ ይወድቃል። አንባቢዎቼ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ደብዳቤዬ ሥራ ሠርቷል።

አራተኛውን መናገር ያሳፍራል፤ ግን አለ። አባት ለልጁ «ሸጥኩ» ብሎ ይፈርማል፤ ብር ግን የለም። ሊዙ አይቀርም፤ ግን ወንድሞች ሽያጭን ለማፍረስ ይቸገራሉ ተብሎ ይደረጋል። ሰውን ወደ ውሸት የሚገፋ አሠራር ራሱን መመርመር አለበት።

እኛ ቤት አንድ ሌላ ውስብስብ ነገርም አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ስላለበት ልጥቀሰው። ቤቱ የአባቴና የእናቴ የጋራ ነበር። አባታችን ሲያርፍ ግማሹ የእርሱ ውርስ ሆነ። በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ ወራሾቹ ልጆች ነን። ስለዚህ እማየ ልትሰጥ የምትችለው የራሷን ግማሽ ነው። የአባታችን ግማሽ ወደ እኛ በውርስ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ድርሻችንን ለእህታችን እንለቃለን። ውርሱ ነባር ነው፤ ስጦታው ሊዝ ነው። «እንግዲህ ቤቱ ከመካከል ተቆርጦ ሳሎኑ ነባር፣ ጓዳው ሊዝ ይሆናል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሳቅ እንጂ መልስ አላገኘሁም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዬ ቀልድ አልነበረም። ብዙ ሰው የአባቱን ሞት ለይዞታ ክፍሉ ሳያሳውቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ካርታው በሟች ስም ተቀምጦ ይኖራል። መንግሥት ለዓመታት መዝገብ አጥርቼ መብት አረጋግጣለሁ ሲል ቆይቷል። በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የመጣውም ለዚህ ነው። ካርታ በሞተ ሰው ስም እንዲቆይ የሚጋብዝ ሕግ ይዞ መዝገብ ማጥራት እንዴት ይሆናል?

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም። በ1990 ዓ.ም. በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የባለቤትነት ስም ሲመዘገብ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ይከፈላል። እሱን እንከፍላለን፤ ቅሬታ የለንም። በ2008 የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ቤት በሚተላለፍበት ጊዜ ባለው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ቢጥልም፣ ከመተላለፉ በፊት 2 ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ የቆየን ቤት ነፃ አድርጓል። ተመልከቱ፣ የግብር ሕጉ እንኳ ሰው የሚኖርበትን ቤት ከነጋዴ ቤት ለይቶ አይቶታል። የመሬቱ ሕግ እንዲሁ ቢያይ ምን አለበት?

አሁን የሌላውን ወገን ሐሳብ ሳላነሳ ብቀር ሚዛን አጎድላለሁ። «ለልጅ በቁም መስጠት አደገኛ ነው፤ እናት በቤቷ እንግዳ ትሆናለች» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ካርታው ከተዛወረ ማግስት አማች መጥቶ የአሮጊቷን አልጋ ወደ ጓዳ ያስገባበትን ቤት አውቃለሁ። ሴትዮዋ እያለቀሱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ስጦታው ሊዝ አይነካውም ከተባለ የወላጅ መጠበቂያ አብሮ መምጣት አለበት። ደግነቱ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰጪው የአላባ መብቱን እንዲያስቀር ይፈቅዳል። ማለትም ባለቤትነቱ ለልጅ ያልፋል፤ እናት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ትኖርበታለች፤ ክፍል ብታከራይም ኪራዩ የእርሷ ነው። ስጦታ ተቀባዩ ከባድ ውለታ ቢስነት ቢሠራም ስጦታው እንዲሻር መጠየቅ ይቻላል። ችግሩ አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፤ ውሉ ላይም አይጻፍም። ቢጻፍም ካርታው ላይ ስለማይታይ ሌላ ሰው አያውቀውም። በእኛ ውል ላይ ይህን አስገብተናል። እማየ «ምን ያደርግልኛል፣ ልጄን አምናታለሁ» ብላ ተቆጥታ ነበር። እህታችን ራሷ ናት «አይሆንም፣ ይጻፍ» ያለችው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጊት ስትፈርም ልጆቿ ከበዋት ይቆማሉ። እኛም ለመጠየቅ በሄድንበት ቀን ከበናት ቆመን ነበር። ይህ ልክ አይደለም። የሚያዋውለው ሠራተኛ ልጆቹን «እስቲ ውጭ ቆዩ» ብሎ፣ «እናቴ፣ ማንም ሳያስገድድዎ ነው? ቤቱን ሲሰጡ የእርስዎ እንደማይሆን ያውቃሉ?» ብሎ ለብቻዋ መጠየቅ አለበት። ይህ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ክስ ግን ያስቀራል።

የአገራችንንም ሁኔታ አትርሱ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በእኛ አካባቢ መንገድ ይዘጋል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ወንድማችን አዲስ አበባ ነው። አባይን ተሻግሮ መምጣት አንዳንዴ አይታሰብም። ሌላው ጅዳ ነው፤ ድርሻውን ለመልቀቅ ከቆንስላ ውክልና አውጥቶ፣ ያ ወረቀት እንደገና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው የሚደርሰን። ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ሰነዱን ፎቶ አንስቶ መላክ እንኳ አልተቻለም። በዚህ ላይ ማህደር ጠፋ፣ ሲስተም የለም፣ ባለሙያው ስብሰባ ነው፣ ነገ ተመለሱ። ሠራተኞችም በዚያው ችግር ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። እነርሱም ቤት ኪራይ ይከፍላሉ፤ እነርሱም መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተው ይጽፋሉ። ግን የሚያስፈልገው ሰነድ ዝርዝር በበሩ ላይ ቢለጠፍ የማንንም በጀት አይነካም። ካርታ፣ የታደሰ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ውሳኔ፣ የልደት ማስረጃ፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። እኛ ይህን ዝርዝር በአንድ ጊዜ የነገረን አልነበረም። አንዱን ስናሟላ ሌላው ይወጣል። መራመድ ለማይችሉ ደግሞ አዋዋዩ ቤታቸው ድረስ የሚሄድበት ቀን በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢኖር። በባጃጅ ተጭነው፣ በልጅ ጀርባ ታዝለው ደረጃ የሚወጡ አዛውንቶች አይቻለሁ። እናንተም ታያላችሁ፤ ግን ስለለመዳችሁት አይታያችሁም።

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በተለይ ከጎጃም ተመርጣችሁ ለገባችሁ የምጠይቀው ይህ ነው። የአዋጅ 721 አንቀጽ 6 ይሻሻል። «ከውርስ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ከወላጅ ወደ ልጅ በሚደረግ የአንድ መኖሪያ ቤት ስጦታ» የሚል ሐረግ ይግባ። አንድ ቤት ብቻ ይሁን፤ አሥር ቤት ያለው ሰው በዚህ አይግባ። ከልጁ እጅ ሲሸጥ ገዢው ወደ ሊዝ ይግባ፤ ይህ አሁንም ያለ ነው። ማጭበርበር ካሰጋችሁ ተቀባዩ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳይሸጥ ገደብ አድርጉበት፤ እህታችን ትፈርምበታለች።

ለክልሉ ምክር ቤት ደግሞ፦ አዋጁ የፌዴራል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተ ብቻችሁን አትቀይሩትም። ነገር ግን ክልሉ የራሱን ደንብና መመሪያ ያወጣል። «ሦስተኛ ወገን» ማለት ማን እንደሆነ መመሪያ ያብራራው። በውርስ ሕግ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሽ የሆነ ልጅ እዚያ ውስጥ አይገባም ብሎ መተርጎም ይቻል እንደሆነ የሕግ ባለሙያዎቻችሁን ጠይቁልን። የአላባ መብት በካርታው ላይ ወይም በመዝገቡ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር አድርጉ። ይህ ለብቻው ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ።

መልሳችሁ «አይቻልም» ቢሆንም ምክንያቱን እንስማው። መልሱ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ቀንና ማኅተም ይኑረው። በቃል የተነገረንን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሠራተኛ ይሽረዋል። እስከዚያው የስጦታ ውላችን ተረቅቆ ተቀምጧል፤ ምስክሮቹም ዝግጁ ናቸው፤ ሁለቱ የእማየ እኩዮች ስለሆኑ ግን እባካችሁ አታዘግዩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአምስት ልጆች ታላቅ፣ አስተማሪ
ጎጃም